የፋሲካ ሰሞን ጀግኖች እስከ መስቀል ይዘልቃሉ?

በአሜሪካ ቤዝቦል የውድድሩ ዘመን በተጀመረ በሳምንታት ውስጥ ማንም ያልጠበቃቸው ተጫዋቾች በየዓመቱ ድንገት ይገንናሉ። የትኛው ይቀጥላል? የትኛውስ ይከስማል? ይህን ለመለየት የሚጠቅመው ዘዴ ከሜዳ ውጭም ይሠራል።

በኤፕሪል 2021 መጀመሪያ ላይ የርሚን መርሴዴስ የሚባል የ28 ዓመት የዶሚኒካን ሪፐብሊክ ተወላጅ ለቺካጎ ዋይት ሶክስ ክለብ ሊጫወት ዱላውን ይዞ ሜዳ ገባ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶችና ወሮች እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ከዚያ በፊት አሥር ዓመት ገደማ በታችኛው ሊጎች ሲንከራተት ኖሯል። በዋናው ሊግ የነበረው ታሪክ በ2020 ያገኛት አንዲት የመምታት ዕድል ብቻ ነበረች። በዚያ ሰሞን ግን የመጀመሪያዎቹን ስምንት ሙከራዎች ስምንቱንም አሳካ። በዘመናዊው ቤዝቦል የውድድር ዘመኑን እንዲህ የጀመረ ሌላ ተጫዋች አልነበረም።

ወሩ ሲያልቅ ከመቶ ሙከራው 41.5 ያህሉ ተሳክቶለት ነበር። የአሜሪካን ሊግ የወሩ ምርጥ አዲስ ተጫዋች ተባለ። ደጋፊው ስሙን እየጠራ ይጮህለት፣ ጋዜጠኛው ይከተለው ጀመር። ጁላይ ሲገባ አማካዩ ወደ 27.1 በመቶ ወርዶ፣ ክለቡ ወደ ታችኛው ሊግ መለሰው። በዚያው ወር በማኅበራዊ ሚዲያ ገጹ ላይ ከጨዋታው እንደሚርቅ ጻፈ፤ ብዙም ሳይቆይ ሐሳቡን ቀየረ። ወደ ዋይት ሶክስ ዋና ቡድን ግን አልተመለሰም።

በኤፕሪል መርሴዴስን ያዩ ሰዎች ሊጠይቁት የሚገባ ጥያቄ ነበር። ይህ ሰው ለአሥር ዓመት ሳይታይ የቆየ ባለተሰጥዖ ነው? ወይስ ዕድል ለአንድ ወር የሳቀችለት ደህና ተጫዋች? ጥያቄው ለወሬ ያህል የሚነሳ አይደለም። የክለብ ኃላፊዎች የሌላ ሰው ቦታ ለአዲሱ መስጠት አለመስጠትን፣ የብዙ ሚሊዮን ዶላር ውል መፈረም አለመፈረምን የሚወስኑት በእሱ ላይ ተመሥርተው ነው። ተጫዋቹም ቤተሰቡን ወደ ትልቁ ከተማ ያምጣ፣ ቤት ይከራይ ወይስ ሻንጣውን ሳይፈታ ይቆይ የሚለው በዚሁ ላይ ይንጠለጠላል።

ጨዋታውን ለማታውቁት

ቤዝቦልን ከእኛ የገና ጨዋታ ጋር የሚያዛምደው ዱላና ኳስ መኖሩ ብቻ ነው። ወርዋሪው ኳሷን በኃይል ይወረውራል፤ መቺው በዱላ ሊመታት ይሞክራል። የመታት ኳስ ተከላካዮች በሌሉበት ወድቃ እሱ ቤዝ የሚባለውን ማረፊያ በሰላም ከረገጠ ሙከራው ተሳካ ይባላል። ከአጥሩ ባሻገር ከላካት ደግሞ «ሆምራን» ነው፤ የጨዋታው ትልቁ ደስታ።

አንድ ነገር ብቻ ልብ በሉ። ይህ ውድቀት የሚበዛበት ስፖርት ነው። ከአሥር ሙከራ ሦስቱን የሚያሳካ ሰው ጎበዝ ይባላል፤ ሰባት ጊዜ ከሽፎበት ማለት ነው። በአሜሪካን ሊግና በብሔራዊ ሊግ አንድን የውድድር ዘመን ከ40 በመቶ በላይ ይዞ የጨረሰ የመጨረሻው ሰው የቦስተኑ ቴድ ዊሊያምስ ነው፤ በ1941፣ በ40.6 በመቶ። ከዚያ ወዲህ ብዙዎች ሞክረዋል፣ አንድም አልደረሰበትም።

ሌላው ነገር ርዝመቱ ነው። እያንዳንዱ ቡድን 162 ጨዋታ ያደርጋል። ውድድሩ ከመጋቢት አጋማሽ በኋላ ተጀምሮ በመስቀል ሰሞን ይጠናቀቃል። ስለዚህ በፋሲካ ሰሞን ስለ አንድ ተጫዋች የምንሰማው ወሬ ከረጅሙ መንገድ አንድ አሥረኛው እንኳ ሳይሞላ የተወራ ሊሆን ይችላል። የእኛ ሰው የአሥር ሺህ ሜትር ሩጫ ሲያይ በሦስተኛው ዙር ለብቻው ተፈትልኮ የወጣውን ሯጭ አይቶ አይጨፍርም፤ ፈገግ ብሎ «ቆይ እስቲ» ነው የሚለው። ቤዝቦል ላይም የሚያስፈልገው ይኸው «ቆይ እስቲ» ነው። ልዩነቱ እዚያ ጥርጣሬውን በቁጥር መለካት መቻሉ ነው።

አምስት ሰው በዕድል ብቻ

እስቲ አንድ ስሌት እንሥራ። እውነተኛ ችሎታው 27 በመቶ የሆነ መቺ አለ እንበል፤ ደህና ነው፣ ድንቅ ግን አይደለም። በመጀመሪያዎቹ 15 ጨዋታዎች 60 ሙከራ ያገኛል። ችሎታው ምንም ሳይጨምር፣ በዕድል ብቻ፣ በእነዚያ 60 ሙከራዎች 40 በመቶና ከዚያ በላይ የማሳካት ዕድሉ ከመቶ ሁለት ገደማ ነው። ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን በሊጉ 30 ክለቦች አሉ፤ እያንዳንዱ በአንድ ጨዋታ ዘጠኝ መቺዎች ያሰልፋል፤ በድምሩ 270 ሰው። ሁሉም እኩል የ27 በመቶ ችሎታ ቢኖራቸው እንኳ ከመካከላቸው አምስት ያህሉ በኤፕሪል አጋማሽ ላይ የቴድ ዊሊያምስን ታሪክ የሚደግሙ መስለው ይታያሉ።

የሚያታልለን እዚህ ላይ ነው። ጋዜጣው የሚጽፈው ስለ እነዚያ አምስቱ ነው፤ ስለ ቀሩት 265 አይደለም። የተጫዋቹን ስም የሰማነው ስለተሳካለት ነው። እኛ ደግሞ ስሙን ሰምተን ስናበቃ ነው «እንዴት ቢጎብዝ ነው?» ብለን የምንጠይቀው። ሎተሪ የደረሰው ሰው ቤት ሄዶ የቁጥር አመራረጥ ጥበቡን እንደመጠየቅ ያለ ነገር ነው።

ያው 27 በመቶ መቺ ሙከራው ወደ 600 ሲደርስ፣ ማለትም ዓመቱን ሙሉ ሲጫወት፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ23 እስከ 31 በመቶ ባለው መካከል ይገኛል። በ60 ሙከራ ላይ ግን ከ15 እስከ 38 በመቶ የትም ሊገኝ ይችላል። 15 ከሆነ ደጋፊው ያፏጭበታል፣ 38 ከሆነ ሐውልት ይቁምለት ይላል። ሰውየው ግን ያው አንድ ሰው ነው።

«በዚህ አያያዙ ከቀጠለ» የምትለዋ የስፖርት ጋዜጠኞች ቃል ከሁሉ በላይ ትጎዳለች። በ2006 የዲትሮይት ታይገርሱ ክሪስ ሼልተን በመጀመሪያዎቹ 13 ጨዋታዎች ዘጠኝ ሆምራን መታ። በዚያ አያያዙ ቢቀጥል በዓመቱ መጨረሻ 112 ይደርስ ነበር። በአንድ የውድድር ዘመን የተመታው የምንጊዜም ከፍተኛ ቁጥር፣ የባሪ ቦንድስ የ2001 ክብረ ወሰን፣ 73 ነው። ስለዚህ «በዚህ አያያዙ» የሚለው ስሌት ገና ሲነገር ከንቱ ነበር። ሼልተን ኤፕሪልን በአሥር ሆምራን ዘጋ፤ በቀሩት ወራት የጨመረው ስድስት ብቻ ነው። በጁላይ የመጨረሻ ቀን ክለቡ በዚያው ቦታ የሚጫወት ሌላ ሰው አስመጥቶ እሱን ወደ ታችኛው ሊግ ላከው። በዚያ ዓመት ታይገርስ እስከ ወርልድ ሲሪስ፣ እስከ ፍጻሜው፣ ዘልቋል።

አሥራ ስምንት ሰዎችና ሁለት የሒሳብ ሊቃውንት

ስለዚህ ጉዳይ ከተሠሩት ሥራዎች ሁሉ ግሩሙ፣ በእኔ አስተያየት፣ በ1977 «ሳይንቲፊክ አሜሪካን» በተባለው መጽሔት የወጣው የብራድሊ ኤፍሮንና የካርል ሞሪስ ጽሑፍ ነው። ሁለቱ የስታቲስቲክስ ሊቃውንት ያደረጉት ቀላል ነገር ነው። በ1970 የውድድር ዘመን መጀመሪያ እያንዳንዳቸው 45 ሙከራ ያደረጉ 18 ተጫዋቾችን ወሰዱ። ከዚያ በእነዚህ 45 ሙከራዎች ብቻ ተመርኩዘን የቀረውን ዓመት ውጤታቸውን መገመት እንችላለን ወይ ብለው ጠየቁ።

በዝርዝሩ አናት ላይ 40 በመቶ ያሳካው የፒትስበርጉ ሮቤርቶ ክሌሜንቴ ነበር። ቀጥሎ ፍራንክ ሮቢንሰን በ37.8፣ ፍራንክ ሃዋርድ በ35.6፣ ጄይ ጆንስቶን በ33.3። በግርጌው ደግሞ የኒው ዮርክ ያንኪሱ ወጣት ተርማን መንሰን በ17.8፣ የመጨረሻው ማክስ አልቪስ በ15.6። የአሥራ ስምንቱ አማካይ 26.5 ነበር።

ተራ ሰው የሚገምተው ግልጽ ነው፤ 40 ያመጣው 40 አካባቢ ይቀጥላል፣ 17 ያመጣውም እዚያው ይዳክራል። ኤፍሮንና ሞሪስ ግን በቻርልስ ስታይን ሥራ ላይ የተመሠረተ ሌላ መንገድ ተጠቀሙ። የእያንዳንዱን ተጫዋች ውጤት ወደ ቡድኑ አማካይ ጎተቱት፤ ከአማካዩ በላይ ወይም በታች ካለው ልዩነት አንድ አምስተኛ ያህሉን ብቻ አስቀሩ። ክሌሜንቴ ከአማካዩ በ13.5 ነጥብ ይበልጣል፤ የዚህ አንድ አምስተኛ ወደ ሦስት ነጥብ ነው፤ ስለዚህ ግምቱ 29.4። መንሰንም በተመሳሳይ ወደ ላይ ተጎትቶ 24.7 ተሰጠው።

ዓመቱ ሲያልቅ ምን ሆነ? በቀሪው ጊዜ ሮቢንሰን 29.8፣ ሃዋርድ 27.6፣ ጆንስቶን 22.2 አመጡ። ከላይ የነበሩት ወረዱ፣ የመጨረሻው አልቪስም ትንሽ ወደ ላይ ወጣ። በጠቅላላው የተጎተተው ግምት ስሕተት፣ ሊቃውንቱ በሚለኩበት መንገድ፣ ከተራው ግምት ስሕተት ከሦስት እጥፍ በላይ ያነሰ ሆኖ ተገኘ።

እኔን የሚያስደንቀኝ ግን የአናቱና የግርጌው ታሪክ ነው። ክሌሜንቴ በቀሪው ጊዜ 34.6 አመጣ፤ ቀመሩ ከሰጠው በጣም በላይ። መንሰንም 31.6 አመጣ፤ ቀመሩ ብቻ ሳይሆን ማንም ያልገመተው። ዓመቱን በ30.2 ጨርሶ የአሜሪካን ሊግ የዓመቱ ምርጥ አዲስ ተጫዋች ሆነ። ከስድስት ዓመት በኋላ የሊጉ ኮከብ ተጫዋች ተብሎ ተሸለመ።

ስለ ክሌሜንቴ ቀመሩ የተሳሳተው የማያውቀው ነገር ስለነበረ ነው። ቀመሩ የሚያየው 45 ሙከራ ብቻ ነው። ክሌሜንቴ ከዚያ በፊት አራት ጊዜ የሊጉ ምርጥ መቺ መሆኑን፣ በ1967 ዓመቱን ሙሉ 35.7 በመቶ ማሳካቱን አያይም። ለእሱ 40 በመቶ ድንገተኛ ነገር አልነበረም፤ ጥሩ ሰው ጥሩ ወር አሳለፈ፣ ይኸው ነው። ድንገት የገነነ ተጫዋች ሲያጋጥመን የመጀመሪያው ጥያቄ «አሁን ምን ያህል እየመታ ነው?» መሆን የለበትም። «ከዚህ በፊት ማን ነበር?» ነው። የሦስት ዓመት ታሪክ ከሦስት ሳምንት ወሬ እጅግ ይከብዳል።

ቅርብ ጊዜ ያየነው የሉዊስ አራኤዝ ታሪክ ይህንኑ ይደግማል። በ2023 የማያሚው መቺ እስከ ጁን መጨረሻ ገደማ 40 በመቶ ላይ ቆየ፤ ዓመቱን በ35.4 ጨረሰ። «ወረደ» ማለት ይቻላል። ይሁን እንጂ በብሔራዊ ሊግ አንደኛ ነበር። በቀደመው ዓመትም በሌላው ሊግ አንደኛ ስለነበር የሚያውቁት አልተገረሙም።

ምን ተለወጠ?

ታሪክ ብቻ ቢወስን ኖሮ ማንም ሰው ሊሻሻል አይችልም ማለት ይሆን ነበር። ይህ ደግሞ ውሸት ነው። ሁለተኛው ጥያቄ ስለዚህ ይመጣል፦ በዚህ ሰው ላይ የሚታይ፣ የሚነገር ለውጥ አለ?

ሆሴ ባውቲስታ በ2004 ብቻ በአራት ክለቦች ተዘዋውሮ የተጫወተ ሰው ነው፤ ማንም አጥብቆ አልፈለገውም። እስከ 2009 ድረስ በአንድ ዓመት ከ16 ሆምራን በላይ መትቶ አያውቅም። በቶሮንቶ ብሉ ጄይስ ሳለ ከአሰልጣኞቹ ጋር ሆኖ አመታቱን ቀየረ። እግሩን ከፍ አድርጎ ማንሳትና ዱላውን ከበፊቱ ቀደም ብሎ ማንቀሳቀስ ጀመረ፤ ኳሷ ስትደርስ እሱ ዝግጁ ሆኖ ይጠብቃታል። በ2009 የመጨረሻ ወራት ውጤቱ ብቅ አለ። በ2010 ደግሞ 54 ሆምራን መታ።

አሁን የቶሮንቶ ኃላፊዎችን ቦታ ያዙ። የ30 ዓመት ሰው ነው። ከኋላው የብዙ ዓመት መካከለኛ ታሪክ፣ ከፊቱ አንድ አስደናቂ ዓመት አለው። ቀመሩ ጎትቱት ይላል። እነሱ በፌብሩዋሪ 2011 የአምስት ዓመት፣ የ65 ሚሊዮን ዶላር ውል ሰጡት። ብዙዎች አበዱ አሏቸው። ባውቲስታ በዚያ ዓመት 43 መታ፤ ከ54 ያነሰ፣ ግን በሜጀር ሊጉ ከሁሉም የበለጠ። ልዩነቱን የፈጠረው የሰውየው እንቅስቃሴ ራሱ መለወጡ ነው፤ ቪዲዮ ከፍቶ የድሮውንና የአዲሱን አመታት ጎን ለጎን ማየት ይቻል ነበር። «በራስ መተማመኑ ጨምሯል» ወይም «ዘንድሮ ደስተኛ ነው» የሚለውን ምክንያት ግን እኔ ብዙም አላምነውም። ሰው ሲሳካለት ደስተኛ ይሆናል፤ የትኛው የትኛውን እንዳመጣ ማን ያውቃል?

ዛሬ ይህን ለመለየት መሣሪያዎችም አሉ። ከ2015 ጀምሮ በሊጉ ስታዲየሞች ሁሉ «ስታትካስት» የሚባል ሥርዓት እያንዳንዱ ኳስ ከዱላ ሲወጣ ያለውን ፍጥነትና አቅጣጫ ይለካል። በሰዓት 153 ኪሎ ሜትርና ከዚያ በላይ የወጣ ኳስ «በኃይል የተመታ» ይባላል። ይህ ጠቃሚ የሚሆንበት ምክንያት አለው። ሜዳ ውስጥ ከሚወድቁ የተመቱ ኳሶች ከመቶ ሠላሳ ያህሉ ብቻ ናቸው ለመቺው የሚሳኩት፤ የትኛዎቹ ሠላሳ እንደሚሆኑ ደግሞ ዕድል ብዙ ድርሻ አለው። ደካማ ምት በሁለት ተከላካዮች መካከል ጠብ ትላለች፤ እንደ ጥይት የተመታችው ቀጥ ብላ በአንዱ ጓንት ውስጥ ትገባለች። ለአንድ ወር ደካማ ምቶቹ ሁሉ ክፍተት ያገኙለት ሰው 40 በመቶ ሊያሳይ ይችላል። በኃይል እየመታ ያለና ኳሷን ስቶ የሚወጣበት ጊዜ የቀነሰ ከሆነ ግን ነገሩ ይለያል። የስንት ጊዜ ስቶ መውጣትና የምት ኃይል ከአማካዩ ይልቅ ቶሎ እውነቱን ይናገራሉ።

ለወርዋሪዎችም ያው ነው። ጥቂት ነጥብ ብቻ ያስቆጠረበትን ወርዋሪ ስታዩ ጠያቂዎቹ የሚሄዱት ወደ ሌላ ቁጥር ነው፤ ስንቱን መቺ በራሱ ችሎታ ከሜዳ አስወጣ፣ ስንቱንስ በነፃ አሳለፈ?

አንድ ነገር ሳልጨምር አላልፍም፤ የአዳዲሶቹ ውድቀት ሁሉ የዕድል ማለቅ አይደለም። ተቃራኒዎችም ይማራሉ። አዲስ መቺ ሲመጣ ወርዋሪዎች ድክመቱን አያውቁም። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ግን የእያንዳንዱ ክለብ ባለሙያ ቪዲዮውን ደጋግሞ አይቶ፣ የማይወዳትን ኳስ ለይቶ፣ ለወርዋሪው ይነግራል። ያን ጊዜ ጥያቄው ይገለበጣል፤ እነሱ ካጠኑት በኋላ እሱ በተራው ያጠናቸዋል? የመጀመሪያው ወር ስለዚህ ምንም አይነግረንም፤ ሰኔና ሐምሌ ናቸው የሚነግሩን።

መውረድ ሁሉ መውደቅ አይደለም

በ1981 ፈርናንዶ ቫለንዙዌላ የሚባል የ20 ዓመት የሜክሲኮ ገጠር ልጅ ለሎስ አንጀለስ ዶጀርስ ይወረውር ነበር። የመጀመሪያ ስምንት ጨዋታዎቹን በሙሉ አሸነፈ፤ በአምስቱ ተጋጣሚው አንድም ነጥብ አላስቆጠረም። ከተማው አበደ፤ በተለይ የሜክሲኮ ተወላጆች ቤተሰቦች አያት፣ ልጅ፣ የልጅ ልጅ ሆነው ስታዲየሙን ሞሉት።

ከዚያ በኋላ በዚያው ዓመት ያሸነፈው አምስት፣ የተሸነፈው ሰባት ነው። በኋለኛው ግማሽ ብቻ ያየው ሰው «ተራ ወርዋሪ» ይለው ነበር። ነገር ግን ዓመቱ ሲደመር ምርጥ አዲስ ተጫዋችና ምርጥ ወርዋሪ የተባሉትን ሁለቱንም ሽልማቶች በአንድ ዓመት ጠቅልሎ ወሰደ፤ ከእሱ በቀር ይህን ያደረገ የለም። ክለቡም ወርልድ ሲሪስን አሸነፈ። ለዶጀርስ እስከ 1990 ወርውሯል።

የኮሎራዶው ትሬቨር ስቶሪም በ2016 በሕይወቱ የመጀመሪያ ስድስት የዋና ሊግ ጨዋታዎች ሰባት ሆምራን መታ። «በዚህ አያያዙ» 189! ጣቱን ተጎድቶ ዓመቱን ሳይጨርስ ወጣ፤ የመታው 27 ነበር። ለጀማሪ ግን 27 በጣም ብዙ ነው፤ በ2018 37 መታ። የስድስት ቀኑ ተአምር አልቀጠለም፤ ሰውየው ግን እውነተኛ ነበር። የጎተታ ስሌት የሚለውም ይህንኑ ነው፤ ከአማካዩ በላይ ያለውን ሁሉ አይሰርዝም፣ የሚያስቀረው አለው።

ወደ ቤታችን ስንመልሰው

የሥነ ልቦና ሊቁ ዳንኤል ካህነማን በእስራኤል አየር ኃይል አሠልጣኞች ፊት ስለ ምስጋና ጥቅም ሲያስተምሩ የገጠማቸውን ይተርኩ ነበር። አንድ ልምድ ያለው አሠልጣኝ ተነሥቶ ተቃወማቸው። ተማሪ ጥሩ ሲበር ካመሰገንኩት በሚቀጥለው ይባስበታል፣ ሲያበላሽ ከጮህኩበት ግን ይሻሻላል አለ። ካህነማን እንደተረዱት አሠልጣኙ ያየው እውነት ነው፤ ምክንያቱን ግን ስቷል። እጅግ ጥሩ ከሆነ በረራ በኋላ የሚመጣው፣ ማንም ምንም ባይናገር፣ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ተለመደው ይወርዳል። እጅግ መጥፎ ከሆነው በኋላ ያለውም ወደ ተለመደው ይወጣል።

በእኛ ቤት «ልጅን ፊት ለፊት ካመሰገኑት ይበላሻል» የሚባለው ስንቱ ጊዜ ከዚሁ የመጣ ይሆን? ልጅቷ በመጀመሪያው ፈተና ከክፍሏ አንደኛ ወጣች፤ ኬክ ተቆረጠ፤ በሁለተኛው ስድስተኛ ሆነች። ጥፋቱ የኬኩ ነው ይባላል። ከዓመታት የትምህርት ቤት ካርዷ ላይ ግን ብዙውን ጊዜ አምስተኛና ሰባተኛ የምትወጣ ልጅ መሆኗ ተጽፎ ይገኝ ይሆናል። ስድስተኛ መውጣቷ ታዲያ ምን ያስቆጣል? ደግሞስ አንደኛ በወጣችበት ወር የጥናት ሰዓቷ ተለውጦ ነበር? የምትቀመጥበት ቦታ? እነዚህ ባውቲስታ ላይ የጠየቅናቸው ጥያቄዎች ናቸው።

ፍራንሲስ ጋልተን የሚባሉ እንግሊዛዊ በ1886 ይህንኑ በቁመት አይተውታል። የረጃጅም ወላጆች ልጆች በአማካይ ረጃጅም ናቸው፤ ግን እንደ ወላጆቻቸው አይረዝሙም። የአጫጭሮቹም ልጆች ከወላጆቻቸው ይረዝማሉ።

ክፉ አጀማመርም ያታልላል

ብዙ ወገኖቻችን የሚኖሩባት ዋሽንግተን በ2019 ይህን ከሌላው ወገን አይታለች። የከተማዋ ቡድን ናሽናልስ ከመጀመሪያዎቹ 50 ጨዋታዎች 19 ብቻ አሸንፎ 31 ተሸነፈ። አሰልጣኙ ዴቭ ማርቲኔዝ ይባረር የሚለው ድምፅ በረታ። ክለቡ ግን የተጫዋቾቹን የቀደመ ታሪክ ያውቅ ነበር፤ ቡድኑ የመጣው ከሰማይ አልነበረም። ማርቲኔዝ ቆየ። ናሽናልስ ዓመቱን 93 አሸንፎ ጨረሰ፤ በኦክቶበር መጨረሻ ላይም በሂዩስተን ሜዳ ሰባተኛውን ጨዋታ አሸንፎ የወርልድ ሲሪስ ባለድል ሆነ። በሲልቨር ስፕሪንግና በአሌክሳንድሪያ ያደጉ የሐበሻ ልጆች በዚያ ሰሞን ቀይ ኮፍያ አድርገው ትምህርት ቤት ሲሄዱ ቤዝቦል ለማይገባቸው ወላጆቻቸው ማስረዳት ነበረባቸው። በዚህ ዓመትም የአሜሪካ ዘመድ ልጅ በስልክ «አዲስ ጀግና ተገኘ» ካላችሁ፣ ከዚህ በፊት የት ነበረ? ምን ለወጠ? ብላችሁ ጠይቁት፤ ወሬው ይደራል።

ከፋሲካ ሰሞን ጀግኖች ሁሉ የምወደው ግን ተፊ ሮድስን ነው። በኤፕሪል 4፣ 1994 በውድድሩ መክፈቻ ቀን ለቺካጎ ከብስ ሦስት ሆምራን መታ፤ የወረወረለትም ዝነኛው ድዋይት ጉደን ነበር። በዚያ ዓመት በጠቅላላው የመታው ስምንት ብቻ ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ ጓዙን ጠቅልሎ ወደ ጃፓን ሄደ። እዚያ በ2001 በአንድ ዓመት 55 ሆምራን መትቶ ሳዳሃሩ ኦ በ1964 ያስመዘገበውን የአገሪቱን ክብረ ወሰን ተጋራ። ጃፓን ውስጥ በጠቅላላው 464 መትቷል።